ጅሬን ላይ ቀይ፣ ቦዬ ሜዳ ላይ ጥቁር፦ የጅማ መሬት ለምንድነው እንዲህ የተለያየው?

አዌቱ_ማዶ፦
ሰላም የጅማ ልጆች እንዴት ናችሁ። አንድ ነገር ሲከነክነኝ ከርሞ ነው ዛሬ የጻፍኩት። እህቴ ቤት ልትሰራ ቦታ እያየች ነው፣ አንዱ ወደ ጅሬን አቀበቱ ላይ ነው፣ አንዱ ደሞ ወደ ኪቶ ሜዳው ላይ። ደላላው ሜዳው ይሻላል፣ ቁፋሮ የለው፣ የድጋፍ ግንብ የለው፣ መኪና በር ድረስ ይገባል እያለ ያሟሙቃታል። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው፤ ሁለቱም እዚሁ ከተማ ውስጥ ናቸው፣ አንዱ ጋ አፈሩ ቀይ ነው፣ በጣም ቀይ፣ አንዱ ጋ ጥቁር መረሬ። ዝናቡም አንድ ፀሐዩም አንድ፣ ከስር ያለው ድንጋይም አንድ ነው ይላሉ። ታዲያ ምንድነው የለያቸው? ልጄም የትምህርት ቤት መጽሐፉ ላይ ተራራ፣ አምባ፣ ሜዳ፣ ሸለቆ ብሎ ይዘረዝርና እንዴት እንደተፈጠሩ አንድ መስመር ጽፎ ያልፋል። ስለኛ አካባቢ የሚያውቅ ካለ ዘርዘር አድርጎ ያስረዳን፣ ቢረዝምም ግድ የለም አነባለሁ።

የኪቶ_ጎረቤት፦
ሳይንሱን የሚያውቅ ይንገርህ፣ እኔ ስለ ግድግዳው ልንገርህ። የምኖረው ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ አካባቢ ነው። ክረምት ላይ አፈሩ ውሃ ይጠጣና ያብጣል፣ ስትራመድ ጫማህን ይነቅልሃል። ታኅሣሥ ጥር ላይ ሲደርቅ ደሞ ይሰነጠቃል፣ ቤት ያልተሰራበት ባዶ ቦታ ሄደህ ብታይ እጅህን እስከ ክርን የሚያስገባ ስንጥቅ ነው፣ በግ እግሩ ገብቶ ሲንፈራገጥ አይቻለሁ ወላሂ። ቤቴ መጀመሪያ የተሰነጠቀው በመስኮቱ ጥግ ነው፣ ከዛ በሰያፍ ወደ ጣሪያው፣ የብሎኬቱን መጋጠሚያ ተከትሎ ደረጃ ደረጃ እየሰራ ወጣ። ክረምት ሲገባ ጠበብ ይላል በጋ ይከፈታል። በሩም እንደዛው፣ ሐምሌ ላይ አልዘጋም ይልና የካቲት ላይ በጣት ገፋ ስታደርገው ይዘጋል። የሰራልኝ ኮንትራክተር (ስሙ ይቅር) መረሬውን ሳይጠርግ ነው ግሬድ ቢሙን (ግድግዳው የሚያርፍበትን የኮንክሪት ማሰሪያ) ያሳረፈው፣ ልስን እያሳደስን ደከመን። ደላላው ቁፋሮ የለውም ያለው ነገር ሰው ለመጣል ነው፤ ኪቶ ላይ በደንብ ከተሰራ ቁፋሮው ከአቀበቱ ይብሳል፣ ጥቁሩን አውጥተህ በገረጋንቲ፣ ማለትም በማያብጥ ጠጠራማ ሙሌት ትተካለህ፣ ገረጋንቲው ደሞ በነፃ አይመጣም።

መምህር_ዘጂኦግራፊ፦
እሺ እኔ ልሞክር፣ ረጅም ነው ታገሱኝ።

ድንጋዩ አንድ ነው የሚለው ከሞላ ጎደል ልክ ነው። እዚህ አካባቢ በስተመጨረሻ የምታገኘው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፣ በብዛት ባዛልት፣ ቦታ ቦታ ላይ ነጣ ያለ ራዮላይትና ትራካይት። ጂኦሎጂስቶች የጅማ ቮልካኒክስ ይሉታል፣ ዕድሜው ከ30 እስከ 40 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ያኔ ስምጥ ሸለቆው ዛሬ በምናየው መልኩ አልነበረም። ላቫው ከአንድ ሹል ተራራ አፍ ሳይሆን በብዛት በረጃጅም ስንጥቅ እየወጣ አገሩን አለበሰው፣ በረደ፣ ሌላ መጣ፣ እንጀራ በእንጀራ ላይ እንደሚደራረብ ማለት ነው። ከዛ ከምድር ጥልቀት የሚገፋ ሙቅ ነገር አገሩን በሙሉ ወደ ላይ አነሳው። ለዚህ ነው ጅማ መሃል ሜዳ ላይ ቆመህ ከባህር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያለፍከው። አምባ ምድር ወይም ፕላቶ የምንለው ይሄ ነው።

አሁን ወደ አፈሩ። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፣ ሙቀቱም አለ። ዝናብ አፈር ውስጥ ሲገባ ከስርና ከቅጠል ብስባሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ቀለል ያለ አሲድ ይሆናል፣ ያ አሲድ ባዛልቱን ይበላዋል። ካልሲየሙ፣ ማግኒዚየሙ፣ የሲሊካው የተወሰነ ክፍል ሟሙቶ ከውሃ ጋር ይሄዳል። ብረቱ ግን አይሄድም፣ እዛው ይቀርና ይዝጋል። የጅሬን ቀይ አፈር ዝገት ነው በአጭሩ። ተዳፋት ስለሆነ ውሃው ቶሎ ሰርጎ ይወርዳል፣ እጥበቱ ሳይቋረጥ ይቀጥላል፣ አፈሩም ጥልቅና አየር የሚያስገባ ይሆናል፤ ቡና የሚወደው እሱን ነው።

ታጥቦ የወረደው የት ሄደ? ወደ ሜዳው። ሜዳው ላይ ውሃ መውጫ የለውም፣ ይተኛል። ከላይ የመጣው ማግኒዚየምና ሲሊካ እዛ ይከማችና ስሜክታይት የሚባል የሸክላ ዓይነት ይሰራል፣ ይሄ ሸክላ ቅንጣቶቹ መሃል ውሃ እያስገባ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። የኪቶ_ጎረቤትን በር የሚዘጋውና የሚከፍተው እሱ ነው። ስለዚህ አንድ ድንጋይ፣ አንድ ዝናብ፣ የመሬቱ ቅርፅ ብቻ ተለየና ሁለት አፈር ወጣ። እህትህ የምትመርጠው በሁለት ቦታ መሃል ብቻ አይደለም፣ በሚያጣና በሚቀበል መሬት መሃል ነው።

ጫንዬ_ጅማ፦
መምህር እናመሰግናለን ዕድሜ ይስጥልን። አንድ ጥያቄ፣ ጅሬን ድሮ እሳተ ገሞራ ነበር፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ ክሬተር፣ የእሳተ ገሞራ አፍ ማለት ነው፣ ሲባል ሰምቻለሁ፣ እውነት ነው?

መምህር_ዘጂኦግራፊ፦
@ጫንዬ_ጅማ ድንጋዩ ከእሳተ ገሞራ መጣ ማለት ኮረብታው ራሱ እሳተ ገሞራ ነበር ማለት አይደለም፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይምታታበታል። እዚህ አካባቢ ኮረብታዎቹን ያወጣቸው በዙሪያቸው የነበረው መሬት መበላቱ ነው። ወንዝና ጎርፍ ላላ ያለውን ወሰዱት፣ ጠንከር ያለው ቀረ። ክሬተር ማየት ከፈለግክ ወንጪ ሂድ፣ ዝቋላ ሂድ፣ ቢሾፍቱ ሐይቆቹን እይ። እነሱ ወጣት ስለሆኑ ቅርፃቸው ገና አልፈረሰም፣ የኛ ግን ሚሊዮን ዓመታት ዝናብ ሲመታው ነው የኖረው።

የጅማ_መስመር_ሹፌር፦
አቦ መምህር ይመችህ፣ እኔ በዚህ መንገድ ስመላለስ ነው የኖርኩት ግን ማንም እንዲህ ብሎ አልነገረኝም። አሁን ስለ ጊቤ በረሃ ንገረን። ከወልቂጤ ወጥተህ ወደ ድልድዩ ስትወርድ ጆሮህ ይደፈናል፣ ረዳቱ መስኮት ክፈቱ ይላል፣ ዝቅ ባልክ ቁጥር ሙቀቱ ፊትህን ይመታሃል፣ ዛፉ ሁሉ ግራር ይሆናል፣ ከዛ ድልድዩን አልፈህ እንደገና በጠመዝማዛ ወደ ላይ ትወጣና አየሩ ይቀዘቅዛል አረንጓዴው ይመለሳል። ገደሉን አይተኸው ከሆነ ደረጃ ደረጃ ነው፣ ቀጥ ያለ ጥቁር ድንጋይ፣ ከዛ ሳር ያለበት ትንሽ ለጥ ያለ ቦታ፣ ከዛ እንደገና ቀጥ ያለ። በመሃል ቦታ ቦታ ላይ ቀይ መስመር አለ። ክረምት ክረምት ደሞ ድንጋይ ይወርዳል፣ ማታ መንዳት የማልወደው ለዛ ነው፣ ጥምዝ ላይ ስትደርስ በሬ የሚያህል ድንጋይ አስፋልቱ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅሃል።

መምህር_ዘጂኦግራፊ፦
ሹፌራችን ዓይንህ ጥሩ ነው፣ ተማሪዎቼ አውቶቡስ ውስጥ ተኝተው ነው የሚያልፉት።

እያንዳንዱ ቀጥ ያለ ጥቁር ድንጋይ አንድ የላቫ ፍሰት ነው ማለት ይቻላል። ላቫ ሲበርድ ይኮማተራል፣ ሲኮማተር ከላይ ወደ ታች ይሰነጠቃል፣ አንዳንዴ ስድስት ጎን ያላቸው ዓምዶች ይሆናል። በሁለት ፍሰት መሃል ደሞ አመድ ወይም የድሮ አፈር አለ፣ ላላ ያለ ነገር። ቀይ ያልከው መስመር ብዙ ጊዜ እሱ ነው፤ በሁለት ፍንዳታ መሃል ረጅም ዕረፍት ነበረ፣ አፈር ተፈጠረ፣ ከዛ ቀጣዩ ላቫ መጥቶ ጠበሰው። ውሃ ላላውን ይበላል፣ ከላይ ያለው ጠንካራ ድንጋይ ስሩ ባዶ ይሆናል፣ በስንጥቁ ተገንጥሎ ይወርዳል። ስለዚህ ገደሉ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል ግን ቀጥ እንዳለ ይቆያል። የሰሜን ተራሮችም ገደል በዚሁ መንገድ ነው የተሰራው፣ እዛ ግን መነሻው አንድ ግዙፍ ጋሻ የመሰለ እሳተ ገሞራ ነው፣ ራስ ዳሽን 4,550 ሜትር ገደማ የሚደርሰው የሱ ቅሪት ነው።

ወንዙ ለምን ይህን ያህል ወረደ ካልክ አገሩ ስለተነሳ ነው። ወንዝ ሁልጊዜ ወደ መድረሻው ደረጃ ለመውረድ ነው የሚቆፍረው፣ መሬቱን ከስር ባነሳህለት ቁጥር የሚቆፍረው ይበዛለታል። ጊቤ ድልድይ ላይ ከባህር ወለል በላይ ከፍታው 1,100 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ዓባይ ደሞ ከጊቤም በላይ ቆፍሯል፣ ሸለቆው ከአፋፉ እስከ ወንዙ ቦታ ቦታ ላይ ወደ 1,500 ሜትር ይጠልቃል።

ቡና_ከማና፦
ኦቦ መምህር ጥሩ ብለሃል። እኔ ገበሬ ነኝ፣ ማና ነው ያለሁት። ቀዩ አፈር ጥሩ ነው ልክ ነው ግን ዛፉ ከተነሳ እሱም ይሄዳል። ቦረቦር እንዴት እንደሚጀምር ልንገራችሁ፣ ማንም የማያስተውለው ነገር ነው። የከብት መሄጃ ነው መጀመሪያው። ከብት በአንድ መስመር ይወርዳል፣ ሳሩ ይጠፋል፣ መሬቱ ይጠቀጠቃል፣ ዝናብ ሲመጣ በዛች መስመር ይሄዳል። ወይም መንገድ ሲሰራ የጎርፍ ቱቦውን አውጥተው የሰው ማሳ ላይ ይለቁታል። መጀመሪያ አንድ ስንዝር ነው፣ ሰው ይዘለዋል። ከዛ ከታች በኩል መጨረሻው ላይ ትንሽ ፏፏቴ ይሰራል፣ ውሃው ሲወርድ ግርጌውን ይቆፍራል፣ ከላይ ያለው ይናዳል፣ እንዲህ እያለ ቦረቦሩ ወደ ላይ ይሄዳል። ሰው ቦረቦር ወደ ታች የሚያድግ ይመስለዋል፣ ኧረ ወደ ላይ ነው የሚበላህ! ጎረቤቴ ከስር በኩል ድንጋይ እየደረደረ ነበር፣ ራሱን ማለትም አናቱን ካልያዝከው ግን ድካም ነው፣ ውሃውን ከላይ በቦይ አዙረህ አናቱን አለስልሰህ ሳር ማስያዝ አለብህ። እኛ ቬቲቨር የሚባለውን ሳር ነው የተከልነው፣ ስሩ ቀጥ ብሎ ጥልቅ ይወርዳል፣ ከብትም ሲጠነክር ብዙ አይደፍረውም፤ ጅማ እርሻ ምርምር በኩል ነው አገር ውስጥ የገባው ይላሉ የልማት ሰራተኞቹ።

ሌላም ልጨምር፣ ከጅማ ወደ አጋሮ ስትሄድ መሃል ላይ ውሃው ይለያያል። በዚህ በኩል የዘነበው ወደ ግልገል ጊቤ ነው፣ በዛ በኩል የዘነበው ወደ ዴዴሳ። ታክሲ ውስጥ ሆነህ አታውቀውም እንጂ ትልቅ ነገር ነው።

መምህር_ዘጂኦግራፊ፦
ይሄ የመጨረሻው ትልቅ ነገር ነው በእውነት፣ ለክፍል ሁሌ የማነሳው ነው። በአጋሮ በኩል የወረደው ጠብታ ዴዴሳ ገብቶ ዓባይን ይቀላቀላል፣ ህዳሴ ግድብን አልፎ፣ ካልጠለፉት ሜዲትራኒያን ይደርሳል። በጅማ በኩል የወረደው አዌቱን፣ ቦዬን፣ ግልገል ጊቤን፣ ጊቤን፣ ኦሞን ይዞ ቱርካና ሐይቅ ይገባል፣ እዛ ያልቃል፣ ባህር የሚባል አያይም። ኦሞ የቱርካናን ውሃ አብዛኛውን የሚሰጠው ወንዝ ነው፣ አፉ ላይ የሚሰራው ዴልታ የኛ የደቡብ ምዕራብ አፈር ነው። ዛሬ ግን ብዙው ደለል እዛ ሳይደርስ ግድቦቹ ውስጥ ይቀራል። ግልገል ጊቤ አንድ በ1996 ነው ሥራ የጀመረው፣ 184 ሜጋ ዋት ነው፣ ከሱ የሚወጣው ውሃ ደሞ በ26 ኪሎ ሜትር ዋሻ ሄዶ ግልገል ጊቤ ሁለትን ያንቀሳቅሳል። ማና ላይ አናቱ ያልተያዘ ቦረቦር መብራት ላይ ሳይቀር ይመጣል ማለት ነው።

ነገር_ፈላጊ፦
ይቅርታ ግን ይሄ ሁሉ አፈር ሄደ አፈር ሄደ የሚባለው ይጋነናል። መምህር ራሱ እኮ ኮረብታዎቹን የቀረፀው መበላት ነው አለ። ሜዳውም የተሰራው ታጥቦ በመጣ አፈር ነው አለ። ታዲያ ተፈጥሮ ሥራዋን እየሰራች ነው፣ ምን ያስለቅሳል? ያላጠበ ዝናብ አለ እንዴ።

ቡና_ከማና፦
@ነገር_ፈላጊ ወንድሜ አንድ ክረምት ማሳዬ ላይ ና።

መምህር_ዘጂኦግራፊ፦
ጥያቄው ግን ተገቢ ነው፣ ዝም ብለን አንናቀው። ልዩነቱ ፍጥነቱ ነው። ድንጋይ በስብሶ አፈር የሚሆነው በዓመት ከአንድ ሚሊሜትር በታች ነው፣ ብዙ ጊዜ በጣም በታች። ደን ባለበት ተዳፋት የሚታጠበው ከዛ ብዙም አይበልጥም፣ ስለዚህ ከላይ የሄደውን ከስር የሚበሰብሰው ድንጋይ ይተካዋል፣ ቀዩ አፈር ጥልቅ የሆነው በዚህ ነው። ዛፉን አንስተህ በተዳፋቱ ቁልቁል ካረስከው በአንድ ከባድ ዝናብ የዓመታት አፈር ይሄዳል። ሂደቱ ያው ነው፣ ሂሳቡ ነው የተበላሸው። ወንጀለኛው ገበሬው ብቻ ነው ማለቴም አይደለም፣ ቡና_ከማና እንዳለው መንገድ ሰርቶ ጎርፉን የሰው ማሳ ላይ የሚለቀው አካልም አለ፣ ከተማውም በየዓመቱ እየሰፋ ቆርቆሮና አስፋልት በዛ፣ ሰርጎ ይገባ የነበረው ውሃ ሁሉ አሁን ይሮጣል።

12ኛ_ተፈታኝ፦
ቲቸር ለፈተና በአጭሩ ይጻፉልን እባክዎ፣ የትኛው ቅርፅ በምን ተሰራ የሚለውን፣ ጽሑፉ በጣም ረዘመብኝ ሃሃሃ

መምህር_ዘጂኦግራፊ፦
አጭር መልስ ፈላጊ ትውልድ! እሺ። ሁለት ወገን ያዝ፤ ከውስጥ የሚሰራና ከውጭ የሚቀርፅ። ከውስጥ የሚሰራውን ማየት ከፈለግክ አፋር ነው ቦታው፣ ዓለም ላይ እንደሱ ግልጽ ሆኖ የሚታይበት ጥቂት ነው። በ1998 መስከረም ላይ ደባሁ የሚባለው ቦታ ጋ ማግማ (መሬት ውስጥ ያለ የቀለጠ ድንጋይ) ከስር ገብቶ ወደ 60 ኪሎ ሜትር የሚሆን መሬት ተሰነጠቀ፣ እስከ 8 ሜትር ድረስ ተከፈተ፣ በቀናት ውስጥ ነው ይሄ የሆነው። በ2017 ፈንታሌ አካባቢ ሲንቀጠቀጥ የነበረውም ተመሳሳይ ነገር ነው፣ አዲስ አበባ ያለ ሰው ሁሉ ሌሊት ከአልጋው የወረደው ያኔ ነው። ዳሎል ከባህር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለው መሬቱ እየተጎተተ ስለሳሳና ስለሰመጠ ነው። ከውጭ የሚቀርፀው ደሞ ውሃ፣ ንፋስ፣ በረዶ፣ የስበት ኃይል። ሶፍ ዑመር ዋሻ የወይብ ወንዝ የኖራ ድንጋይ እያሟሟ የሰራው ነው፣ እዛ ባዛልት ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ዋሻ አይኖርም ነበር። ባሌና ሰሜን ተራሮች ላይ ድሮ የበረዶ ግግር ነበር፣ ምልክቱ ዛሬም አለ። በቃ፣ አሁን ሄደህ አጥና፣ ስልኩን አስቀምጥ።

ከጎፋ_ነኝ፦
የስበት ኃይል ስትሉ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሐምሌ 2016 እኛ ጋ የሆነውን ሁላችሁም ሰምታችኋል፣ ገዜ ጎፋ ውስጥ፣ ከ200 በላይ ሰው ነው መሬት የበላው። መጀመሪያ ጥቂት ቤት ተጫነው፣ ሰፈርተኛው በእጁና በዶማ ሊያወጣ ሮጠ፣ ያኔ ሁለተኛው መጣ። አብዛኛው የሞተው ሊያድን የሄደው ነው። እኔ ሳይንሱን አላውቅም፣ ጅማ ጅሬን አቀበት ላይ የምትሰሩ ሰዎች ግን ቀይ አፈር ነው አይሰነጠቅም ብላችሁ ብቻ አትግቡ።

መምህር_ዘጂኦግራፊ፦
ነፍስ ይማር፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ያልከው ልክ ነው፣ አቀበቱንም ያለ ነቀፋ አቅርቤው ከሆነ ይስተካከል። በስብሶ የጠለቀ አፈር ዳገት ላይ ብዙ ዝናብ ከጠጣ ክብደቱ ይጨምራል፣ በቅንጣቶቹ መሃል ያለው ውሃ ደሞ እርስ በርስ የተያያዙበትን ያላቅቀዋል፣ ከዛ በአንዴ ይሄዳል። አንዴ የተንሸራተተ ቦታ ከላይ የቀረው ጠርዝ ድጋፉን ያጣል፣ ለዚህ ነው ሁለተኛው የሚከተለው፤ ዝናቡ ሳያቆም እዛ ስር መግባት በጣም አደገኛ ነው። ምልክት አለው፦ ከዳገቱ በላይ በአግድም ግማሽ ጨረቃ የሰራ ስንጥቅ፣ ግንዳቸው ከስሩ የተቆለመመ ዛፎች፣ ያዘነበለ የኤሌክትሪክ ምሰሶ፣ ድንገት የደፈረሰ ምንጭ ወይም ያልነበረበት የፈለቀ ውሃ። ቤት ለመስራት ዳገቱን ግርጌው ላይ ቆርጦ ቀጥ አድርጎ መተው የራስን ድጋፍ በገዛ እጅ ማንሳት ነው። ጅማ ዙሪያ ባሉ ዳገቶችም፣ በግልገል ጊቤ ተፋሰስ ውስጥ፣ መንሸራተት አለ፣ እንደ ጎፋው ስላልሆነ ዜና አይሆንም እንጂ።

ጫንዬ_ጅማ፦
ታዲያ የት እንሂድ? ላይ ቢሉት ይናዳል፣ ታች ቢሉት ይሰነጥቃል ሃሃሃ

የኪቶ_ጎረቤት፦
ታች ስንጥቁ ብቻ መሰለህ? ቦዬ በኩል ያሉትን ጠይቅ። ረግረጉ ድሮ ጉማሬ ያለበት ሰፊ ጨፌ ነው፣ አሁን ዳሩ ላይ ባሕር ዛፍ ተተከለ፣ ለጡብ እየተባለ ጭቃው ይወጣል፣ የቀረውን አፈር እየደፉ ቤት ይሰሩበታል። ከዛ አዌቱ ሲሞላ ውሃ ቤታችን ገባ ብለን እንጮኻለን። ውሃው ቤታችን አልገባም እኮ፣ እኛ ነን ቤቱ የገባነው።

መምህር_ዘጂኦግራፊ፦
እውነት ነው። ወንዝ ሜዳ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ የተሸከመውን ደለል ይጥላል፣ መንገዱን ራሱ ይዘጋና ይጠማዘዛል፣ ሲሞላ ግራ ቀኝ ይፈሳል። ሜዳውን የሰራው ይሄ መፍሰሱ ነው፣ ገና ሰርቶ አልጨረሰም። @ጫንዬ_ጅማ መሄጃ አለ፣ መሃሉ። ቀለል ያለ ተዳፋት፣ አፈሩ ቀይ ወይም ቡናማ፣ ከጎርፍ መውረጃ መስመር ወጣ ያለ። የድሮ ሰዎች ቤት የት እንደተሰራ እዩ፣ ኩሬ አፍ ላይ ማንም አልሰራም።

አዌቱ_ማዶ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ለእህቴ ሙሉውን አስነበብኳት። አሁን ደላላው ሦስተኛ ቦታ አለኝ፣ መሃል ላይ ነው፣ አፈሩ ቡናማ ነው ይላል። ሳንገዛ ምን እንይ?

የኪቶ_ጎረቤት፦
ቆፍሩ። ከጥግ አንድ ከመሃል አንድ፣ ሰው የሚያቆም ጉድጓድ። ላዩ ቡናማ ሆኖ ከስሩ ጥቁር የሚወጣበት ቦታ ሞልቷል፣ ደላላ የሚያሳይህ ላዩን ነው። ጭቃውን አርሰህ በጣትህ ክር አድርገህ አሽከርክረው፣ ቀጭን ሆኖ ሳይቆረጥ ከተጠቀለለልህና ሲደርቅ ድንጋይ ከሆነ እሱ ነው ጠላትህ። የጎረቤት አጥር ግንብ ላይም ሰያፍ ስንጥቅ ፈልግ፣ ቀለም ከቀቡበት ደሞ ቀለሙ ለምን አዲስ ሆነ በል። ጥርጣሬ ካለህ አፈሩን ላብራቶሪ አስመርምር፣ ከልስን እድሳት ይረክሳል።

የጅማ_መስመር_ሹፌር፦
ቦታው ስንት ነው ግን የሚለው? እኔም ቡናማ አፈር እፈልጋለሁ ሃሃሃ

አወያይ፦
የቦታ ዋጋና የደላላ ስልክ እዚህ አይለጠፍም፣ ለሱ የገበያው ክፍል አለ። ስለ ወንጪና ዝቋላ መጠየቅ የምትፈልጉ በውስጥ መልእክት እየጻፋችሁልኝ ነው፣ አዲስ ክር ክፈቱ፣ መምህርንም እዛ ጥሯቸው።